ለሟች የመጡ ሽማግሌ

እናንተ ብትሆኑ፣ ሞተ ተብሎ ድንኳን የተጣለለት ሰው ከሠላሳ ዓመት በኋላ በእግሩ ቢመጣ መጀመሪያ የምትጠይቁት ማንን ነው? ሟቹን ወይስ መርዶ ነጋሪውን? ቶሎ አትመልሱ። እኛ ቤትማ ማንንም የጠየቀ የለም። “ተመስገን” ተባለ፤ እልል ተባለ፤ እህቴ ልዕልት በሃምሳ ሰባት ዓመቷ ሹሩባ ተሠራች። “እሺ፣ ተመስገን፤ ግን ሞተ ብሎ የመጣው ሰው ማን ነበር?” ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ። ለዚህም ምቀኛ ተባልኩ።

ያን ቅዳሜ ከሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥተን ቤልትዌይ የሚሉት አውራ ጎዳና ላይ ስንወጣ ይህንኑ እያብሰለሰልኩ ነበር። የምትነዳው የልዕልት ልጅ ዮዲ ናት። ልዕልት ከጎኗ፣ እኔ ከኋላ። መጀመሪያ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ሄደን ለጋብቻ የተላኩትን ሽማግሌ ኮማንደር ገብረሥላሴን እንይዛለን፤ ከዚያ ድልድዩን መልሰን ተሻግረን ኖርዝ ቢች ወደምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ እንወርዳለን። ሟቹ የሚጠብቀን እዚያ ነው። ሟቹ በፈቃዱ ይባላል። እህቴን ለሁለተኛ ጊዜ ለጋብቻ ጠይቋታል፤ መልሷን የምትሰጠው ዛሬ ነው።

“አንቲ ሃይሚ፣ ፊትሽን ፍቺው እንጂ” አለችኝ ዮዲ በመስታወቱ እያየችኝ። “ኮርት አይደለም እኮ የምንሄደው።”

የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ስለሆንኩ ይህች ልጅ በነገር ሁሉ በሥራዬ ትወጋኛለች።

“ኮርት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እዚያ ሰው ምሎ ነው የሚናገረው።”

“ባክግራውንድ ቼክ አድርጌዋለሁ። ክሊን ነው። የፓርኪንግ ትኬት እንኳ የለበትም።”

“የሜሪላንድ ኮምፒውተር የሚያውቀው እዚህ ከገባ ወዲህ ያለውን ነው። ከዚያ በፊት ሞቶ እንደነበር የት ያውቃል?”

“ሁለታችሁም!” አለች ልዕልት። ሌላ አልጨመረችም። ጭኗ ላይ ያለውን ነጠላ አጥፋ ዘረጋች፣ ዘርግታ አጠፈች።

ደግሞ ሌላም የሚያንገበግበኝ ነገር ነበር። በእኛ ወግ ሽማግሌ የሴቷን ቤተሰብ ደጅ ይጠናል እንጂ የሴቷ ቤተሰብ መኪና አስነሥቶ ሽማግሌ ሲለቅም አይውልም። ከሁለት ሳምንት በፊት ኮማንደሩ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልዕልት ቤት መጥተው በወጉ ቆመው ጠይቀዋል። እኔ ያን ቀን ሮክቪል ችሎት ላይ ስለነበርኩ አላየኋቸውም። ልዕልት “የሚኖርበትን ቤት ሳላይ አልመልስም” ብላ ቀጠሮ ሰጠች። ደግ አደረገች። ከዚያ ግን ኮማንደሩ ዓይናቸውን በቅርቡ ስለታከሙ መንዳት አይችሉም ተባለ፣ ልዕልትም “እናደርሳቸዋለን” አለች። ይህን ነው እኔ ያልወደድኩት። ሽማግሌውና ተጠያቂዋ በአንድ ኮሮላ!

ነገሩን ለማያውቅ ልንገር። በ1982 ልዕልት አሰብ ላይ የቴሌ ስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበረች። አሰብ ያኔ ሙቀት፣ ጨው፣ የነዳጅ ማጣሪያው ነበልባልና የወደቡ ክሬን ናት፤ ዋና መንገዷን ከዳር እስከ ዳር ለመሄድ አንድ ሲጋራ ይበቃል ይሏት ነበር። በፈቃዱ የባሕር ኃይል ፔቲ ኦፊሰር፣ የበታች ሹም ነው፤ የቅኝት ጀልባ ሞተረኛ። ማታ ማታ ከጦር ሰፈሩ እየደወለ የአዲስ አበባ መስመር ይጠይቃታል። ገመዱን ትሰካለች፤ ይጠራል፤ የሚያነሣ የለም። በማግስቱም እንዲሁ። አንድ ቀን ታክቷት፣

“ጌታዬ፣ የሚደውሉለት ሰው ቤቱ አያድርም እንዴ?” አለችው።

“የምደውልለት ሰው የለኝም። ቁጥሩንም ከራሴ ነው ያመጣሁት” አላት።

እናት አባቱን ሕፃን ሳለ ያጣ፣ መንግሥት ያሳደገው ልጅ ነበር። ከዚያ ወዲያ በደወለ ቁጥር “መስመሩ ተገኘ?” ይላል። እሷም “ይቆዩ፣ እየተጠራ ነው” ትለዋለች። ፍቅራቸው ይኸው ነው፤ መሐላቸው ሽቦ፣ አጠገባቸው ባሕር። በ1983 ጥምቀት ቀለበት አሰሩ። ሚያዝያ ላይ ጦርነቱ ሲጠጋ ሲቪሎች በአንቶኖቭ ተጭነው ወደ አዲስ አበባ ሲላኩ ልዕልትም አብራ ተላከች። ግንቦት ላይ አሰብ ወደቀች፤ መርከቦቹም ተበታተኑ። ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ። በኅዳር 1984 መርዶ መጣ።

ዘመድ ስላልነበረው ድንኳኑን የጣልነው እኛ ነን፤ ሽሮ ሜዳ፣ ደጃችን ላይ፣ መንገዱን ዘግተን። በዚህ ምድር ላይ በፈቃዱን ያለቀሰለት ሰው ቢኖር ልዕልት ብቻ ናት፤ ሰፈሩ ያለቀሰው ለእሷ ብሎ ነው። ፊቷን ነጨች። ጥቁሩን እናታችን በግድ እስክታስወልቃት ድረስ አላወለቀችም። ከዚያ ቤተሰብ መረጠላት፣ አገባች፣ ዮዲን ወለደች፣ ተፋታች። ዲቪ ደርሷት መጣች። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ድራይ ክሊነር ውስጥ የሰው ሱሪ ስታሳጥርና ስታስረዝም ኖረች። ባሕር ዳር እንሂድ ስንላት “አሸዋ አልወድም” ትል ነበር።

ባለፈው የዳግም ትንሣኤ ሰሞን አሌክሳንድሪያ ውስጥ የቀድሞ ባሕር ኃይል አባላት ማኅበር ግብዣ ነበረው። ልዕልት ምግብ የምታቀርብ ጓደኛዋን ልታግዝ ሄደች። ወጥ እየጨለፈች ሳለ ከኋላዋ አንድ ሰው “ሚጥሚጣ ይኖራችኋል?” አለ። ዞር አላለችም። ዕድሜዋን በድምፅ ሰው የለየች ሴት መዞር አያስፈልጋትም። ጭልፋው ከእጇ ወደቀ።

የበፈቃዱ መልስ አጭር ነበር። “የመን ገባሁ፣ ከዚያ ጅዳ፣ ከዚያ እዚህ። ፈልጌሻለሁ፤ አግብታለች አሉኝ” አላት። እኔ ሳገኘው “ማን ነው ያለህ?” ስለው፣ “ሰዎች” አለኝ። ሰዎች! የትኛው ዳኛ ነው “ሰዎች” የሚል ምስክር የሚቀበል? ግን ልዕልት ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትሠራ ታዜማለች። ሰው ሲያዜም ማን ይጠይቀዋል?

አሁን ወደ መርዶው ልመለስ፤ የኔ ጥርጣሬ ከዚያ ነው የሚነሣው።

መርዶ እንደመጣ አይነገርም። ባለቤቱ ራቱን እንዲበላ፣ እንቅልፉን እንዲተኛ ተደርጎ ሊነጋጋ ሲል ጎረቤት ተሰብስቦ ነው የሚረዳው። ቃሉን የሚያወጣውም የቤተሰብ ሽማግሌ እንጂ ወሬውን ያመጣው ሰው አይደለም። ስለዚህ ልዕልት መርዶ ነጋሪዋን አይታው አታውቅም። የሰማችው ከአጎታችን ከጋሼ አያሌው አፍ ነው። ሰውየው ግን ዋዜማውን ምሽት በራችንን አንኳኩቷል፤ የከፈትኩለት እኔ ነኝ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። “የባሕር ኃይል ሰው ነኝ፤ ጋሼ አያሌውን ፈልጌ ነው” አለኝ። ውሃ ሳስታጥበው ሰዓቱን ፈትቶ አስያዘኝ፤ ሴይኮ። ፊቱን ወደ መዳፉ በኩል አዙሮ ነበር ያሰረው። “ጋሼ፣ ሰዓቱ ለምን ተገለበጠ?” አልኩት። “ሌሊት ዘብ ላይ መስታወቱ እንዳያበራ ነው፣ የኔ ልጅ” አለኝ። ከዚያ አብረውን የሚኖሩት አጎቴ ክፍላቸው አስገብተውት በር ዘጉ። ልዕልት ያን ማታ ማድ ቤት ሽሮዋን እየበላች ስትስቅ ነበር። ሰውየው ሌሊቱን አድሮ ጎረቤት ሳይሰበሰብ፣ “መንገደኛ ነኝ” ብሎ ወጣ።

አጎቴ “በምን አወቅህ? ሬሳውን አየህ? የት ወደቀ?” አላሉትም። ለምን? ነውር ነዋ! መርዶ ያመጣ ሰው አይመረመርም፤ ይበላል፣ ያድራል፣ ይመረቃል። በሬ የሚሸጥልንን ሰው ጥርሱን ከፍተን የምናይ ሕዝብ፣ ሞት ያመጣልንን ሰው ግን ቃሉን ተቀብለን እግሩን እናጥባለን። ይህን ጨዋነት የሚሉት ሰዎች አሉ። እኔ ስንፍና ነው የምለው። አጎቴ ነፍሳቸውን ይማር፣ ያን ምሽት የሰውየውን ስም እንኳ አልነገሩንም።

ኮማንደር ገብረሥላሴ አሌክሳንድሪያ፣ ዱክ ስትሪት ላይ ካለው አፓርትማቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ሰባ አምስት ይሆናቸዋል። ጥቁር ሰማያዊ ኮት፣ የወርቅ ቀለም ቁልፍ፣ ደረታቸው ላይ የመልሕቅ ምልክት። ልዕልት ወርዳ ጉልበታቸውን ሳመች፤ የፊቱን ወንበር ለቃላቸው ከኔ ጋር ተቀመጠች።

“እናንተ ልጆች ሽማግሌ በኡበር ይመጣል ብዬ ስፈራ፣ ይባስ ብላችሁ በሙሽራዋ አስነዳችሁኝ!” አሉ እየሳቁ።

“ሙሽራዋ እኔ አይደለሁም፤ ልጇ ነኝ። ሲትቤልት ያድርጉ፣ ኮማንደር” አለች ዮዲ።

ቀበቶውን ሊስቡ ግራ እጃቸውን ሲዘረጉ እጅጌያቸው ሸሸ። የሰዓታቸው ፊት ወደ መዳፋቸው የዞረ ነው።

ለራሴ “ስንት የባሕር ሰው እንዲህ ያስራል!” አልኩ። አስተርጓሚ ነኝ፤ ከመፍረድ በፊት መጠየቅ ለምጃለሁ። ድልድዩ ላይ ስንወጣ ጎንበስ አልኩና፣

“ኮማንደር፣ ሰዓቱን ለምን ገለበጡት?” አልኳቸው።

“አመል ነው። ሌሊት ዘብ ላይ መስታወቱ እንዳያበራ ነው፣ የኔ ልጅ።”

ቃሉ አንድ፣ ድምፁም አንድ ነበር፤ ድምፁ ላይ እርጅና ብቻ ተጨምሮበታል። ከታች ፖቶማክ ሲያንጸባርቅ፣ ዮዲ መስመር ስትቀይር፣ እኔ ጀርባቸውን እያየሁ እጄ ላይ ያ የልጅነት ማንቆርቆሪያ ከበደኝ። ጮኼ ብናገር የሚሰማኝ ሦስት ሰው ነው። ደግሞም አንድ ጥያቄ ምስክር አያደርግም። ቀጠልኩ።

“በፈቃዱን ከመቼ ጀምሮ ያውቁታል?”

ለሽማግሌ ከዚህ የሚጣፍጥ ጥያቄ የለም። ወደኋላ ደገፍ አሉ።

“ወንድሜ ነው በይው። ከአሰብ የወጣነው በአንድ ጀልባ ነው። እሱ ሞተሩን፣ እኔ መሪውን። የመን፣ ሞካ ገባን። ካምፑ ውስጥ በአንድ ድንኳን ነው የኖርነው፤ ፊሊፕስ ሬዲዮ ነበረችው፣ እሷን ከበን ነው የአገራችንን ወሬ የምንሰማ። ለመስቀል እኔ ‘አገሬ እገባለሁ፣ የመጣው ይምጣ’ አልኩ። እሱ በር ላይ ቆሞ ሸኘኝ። ሬዲዮዋን እንኳ ለመንገድህ ብሎ ሰጠኝ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ጅዳ ተሻገረ። ጥር ላይ አገባ ሲባል ሰማን።” ወደ ኋላ ዞር ብለው ልዕልትን አዩ። “እሷ እንኳ ብዙ አልቆየችም፤ ፈርሷል። የቆየ ነገር ነው።”

ልዕልት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። በፈቃዱ እሷን “ብዙ ዓመት ብቻዬን ቆይቼ ነው ያገባሁት” ነበር ያላት። ያሰበችው ስለ ጥር ወሩ ሠርግ ነው። እኔ ያሰብኩት ስለ መስከረሙ ሽኝት ነው። መስከረም በሕይወት የሸኛቸውን ሰው፣ ኅዳር ሞተ ብለው ቤታችን መጡ! ጥር ደግሞ ሟቹ ሙሽራ ሆነ! ኮማንደሩ ይህን ሁሉ ያለ ፍርሃት የሚያወሩት ለምን እንደሆነ ገባኝ። አጎቴ ሞተዋል፤ በር የከፈተችውን ልጅ ደግሞ ማን ሰው ብሎ ይቆጥራታል?

ኖርዝ ቢች የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። አንድ የእንጨት መሄጃ ውሃውን ታክኮ ይሄዳል፤ አንድ ረጅም የዓሣ አጥማጆች ድልድይ ወደ ባሕሩ ይገባል፤ አይስክሬም የሚሸጥበት ሱቅና ብስክሌት የሚነዱ ሽማግሌ ፈረንጆች አሉ። የበፈቃዱ ቤት ትንሽ፣ ነጭ፣ ሰፊ በረንዳ ያላት ናት። በረንዳው ላይ የማኅበሩ ሰዎች ከነባርኔጣቸው ሞልተዋል። ጎረቤቱ አሜሪካዊ “ኮንግራቹሌሽን” ብሎ በትልቅ ትሪ የተቀቀለ ሸርጣን አምጥቶላቸው፣ ሁሉም ዙሪያውን ቆመው ያዩታል።

“ይሄ ነገር እኮ ዓይኔን እያየኝ ነው” ይላሉ አቶ ኃይለልዑል፣ ሁለተኛው ሽማግሌ። “ሃያ ዓመት ባሕር ላይ ኖሬ እንዲህ ያፈጠጠብኝ የለም።”

በፈቃዱ ደረጃውን ወርዶ መጣ። ረጅም ነው፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጥፍሩ ሥር የጀልባ ሞተር ዘይት አልለቀቀም። አላቀፋትም። ፊቷ ቆሞ፣

“መስመሩ ተገኘ?” አላት።

“ይቆዩ፣ እየተጠራ ነው” አለችው። ግን ድምጿ እንደ ድሮው አልነበረም፤ የአፍ ልማድ ብቻ ነበር። እሱ አላስተዋለም። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ያን ሰው በዚያች ቅጽበት ልወደው ትንሽ ነበር የቀረኝ። ያ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

“እትዬ፣ እግራችንን እናፍታታ” ብዬ በክንዷ ይዤ ወደ እንጨቱ መንገድ ወሰድኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሰዓቱን፣ ቃሉን፣ መስቀልን። ሳታቋርጠኝ አዳመጠችኝ።

“ውሃ ሲታጠብ አይተሽዋል?”

“እኔ ነኝ ያስታጠብኩት።”

“እርግጠኛ ነሽ?”

“እትዬ፣ ያን ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስፈልገው ነው የኖርኩት።”

ውሃውን አየች። ዮዲ ከሩቅ ፎቶ ታነሣናለች፤ እጇን እያወዛወዘች “ስማይል!” ትላለች። ልዕልት ፈገግ አለችላት፤ ከዚያ ፊቷን ወደኔ ሳትመልስ፣

“በፈቃዱ የሚያውቅ ይመስልሻል?” አለችኝ።

“አላውቅም።”

“ታውቂያለሽ ወይ አላልኩሽም። ይመስልሻል ወይ ነው ያልኩሽ።”

“ይመስለኛል።”

“ይህን ዛሬ ከምትነግሪኝ...” ጀመረችና ተወችው።

“እሺ ካልሽ በኋላ ብነግርሽ ይሻል ነበር?”

“ዝም በይ። ልጨርስ። ይህን ዛሬ ከምትነግሪኝ ያኔ ለጋሼ አያሌው ‘ይህ ሰው ይጠየቅ’ የሚል ትልቅ ሰው ቢኖር ኖሮ ማለቴ ነው።” ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። “አንቺ እንዳትናገሪ። እኔ ነኝ የምናገረው።”

“ወጉ እኮ...”

“ወጉን አንድ ጊዜ አክብሬዋለሁ። ምን እንዳተረፍኩ አይተሻል።”

ሰው በረንዳው ላይ ተደረደረ። በወጉ ሽማግሌ ቆሞ ይጠይቃል፤ የሴቷ ወገን “ተቀመጡ” ካለ ነገሩ ሠመረ ማለት ነው። የሴቷ ወገን እኔ ነኝ፤ ሁሉም የሚያየው ወደ እኔ ነው። ኮማንደሩ ከዘራቸውን ለአቶ ኃይለልዑል ሰጥተው ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ለባንዲራ እንደሚቆሙ ዓይነት። በፈቃዱ እንደ ወጉ ራቅ ብሎ፣ ደረጃው አጠገብ ነው።

“እንግዲህ” አሉ ኮማንደሩ፣ “ቀደም ሲል ደጃችሁ ቆመን ነበር፤ ቀን ሰጣችሁን። የመጣነው ለእንግዳ ሰው አይደለም፤ ለምታውቁት ነው። ዕድል የነጠቀችውን ዕድል መልሳ ሰጠችው። እኔ ለዚህ ሰው ዋስ ነኝ። ከሞት አፍ አብረን ወጥተናል። እሱን የወደደ እኔን የወደደ ነው። እንግዲህ ተቀመጡ በሉን፤ እግራችንም አርጅቷል።”

ሰዎቹ ሳቁ። ልዕልት ተነሣች። ሳቁ ቆመ። ተጠያቂዋ ራሷ ስትነሣ አይቶ የሚያውቅ አልነበረም።

“ገና ነው፣ ኮማንደር። ትንሽ ይቁሙልኝ።”

“እሺ፣ ልጄ” አሉ፤ ቀልድ መስሏቸው።

“በኅዳር 1984 ሽሮ ሜዳ፣ አቶ አያሌው የሚባሉ ሰው ቤት አድረው ያውቃሉ?”

“የስንቱን ሰው ቤት አድሬያለሁ! እንዴት አስታውሰዋለሁ?”

“ውሃ ያስታጠበችዎት ልጅ ይቺ እህቴ ናት። ሰዓትዎን አስይዘዋት ነበር።”

ኮማንደሩ አዩኝ። እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቱ። ከኋላ አንዱ “ምንድን ነው?” ሲል፣ ሌላው “እሽ!” አለው።

“በመስከረም ይህ ሰው ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ሸኘኝ ብለውኛል፤ ዛሬ መኪና ውስጥ፣ በገዛ አፍዎ” አለች ልዕልት። “በኅዳር ሞቷል ብለው መጡ። ቤቴ አደሩ። ሳልነቃ ወጡ። ትክክል ነኝ?”

አቶ ኃይለልዑል ከዘራውን እንደያዙ ተነሡ። “እመቤት ልዕልት፣ ይህ የሽምግልና ቦታ ነው። ቅር የሚል ነገር ካለ በዝግ ቤት፣ ለብቻ ይታያል። የሰው ገመና...”

“አባባ፣ ይቅርታዎን፤ እርስዎን አልጠየቅሁም።”

ኮማንደሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የመጀመሪያ ቃላቸው በጣም ዝቅ ያለ ነበር። “ልጄ፣ መርዶ የሚያደርስ ሰው የተሰጠውን ነው የሚያደርሰው። ፖስተኛ በደብዳቤው ውስጥ ላለው አይጠየቅም።”

“ጥሩ፤ እርስዎ ፖስተኛ ነዎት። አልቀየምዎትም። ላኪው ማን ነው?”

ከዓሣ አጥማጆቹ ድልድይ የልጆች ጩኸት ይሰማል። የኮማንደሩ ዓይን፣ ሳይፈልጉት ይመስለኛል፣ ከልዕልት ትከሻ አልፎ ወደ ደረጃው ሄደ። በረንዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ አንገት ዓይናቸውን ተከትሎ ዞረ። ዮዲም ዞረች። ስልኳን ዝቅ አደረገች።

በፈቃዱ አልተንቀሳቀሰም። ፊቱ ላይ የተገረመ ሰው ምልክት ብፈልግ አጣሁ። ንጹሕ ሰው ቢሆን “ምን?” ይል ነበር፤ “ኮማንደር፣ ምን አደረጉኝ!” ብሎ ይጮህ ነበር። ልጩህለት ሁሉ አሰኘኝ። እሱ ግን አንድ ደረጃ ወጣና በለሆሳስ፣

“ልዕልት፣ ወደ ውስጥ እንግባ። ሁለታችን ብቻ እናውራ” አላት።

“ሁለታችን ብቻ” አለች እሷም፤ ቃሉን የምትቀምሰው ትመስል ነበር። “አሁን ነው ወይ ሁለታችን የሆንነው? መንገድ ተዘግቶ፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየኝ ፊቴን ስነጭ ብቻዬን ነበርኩ።”

“ላስረዳሽ እችላለሁ፤ ግን እንዲህ...”

“ከቀለበታችን ነጻ ልታወጣኝ ነበር ወይስ ነጻ ልትወጣ? ጥር ላይ ሙሽራ ሆነሃል፤ እኔ ያኔ ጥቁሬ ገና አልታጠበም ነበር። ሌላውን ሁሉ ብትፈልግ ውስጥ ትነግረኛለህ፤ የመን ምን እንደበላህ፣ ስንት ሌሊት እንዳልተኛህ፣ እሰማሃለሁ። እግዜር ያውቃል፣ አሁንም እሰማሃለሁ። ይህን አንዱን ግን አይደለም።”

“ሰው ፊት ነን፣ ልዕልት።”

“ሰው ፊት ነው የቀበርኩህ!”

አቶ ኃይለልዑል ተቀመጡ። ኮማንደሩ ግን ማንም ተቀመጡ አላላቸውምና እንደ ቆሙ ናቸው። ልዕልት ከመሐል ያለውን ወንበር ገፋ አድርጋ እስከ ደረጃው አፍ ድረስ ሄደች፤ ድምጿን ከፍ አደረገችው፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ያለው ሰው እንዲሰማ፣ አጥሩ አጠገብ የቆመው ጎረቤት እንኳ ቃሉን ባያውቅ ነገሩን እንዲያውቅ።

“በፈቃዱ! ሞቷል በላት ብለህ ይህን ሰው ወደ ቤቴ የላክኸው አንተ ነህ ወይስ አይደለህም? እዚሁ፣ ሁሉም እየሰማ፣ አፍህን ከፍተህ መልስልኝ!”